ፊቱ ቀላ ወይስ ጆሮው ጋለ? የጠይምና የጥቁር ገጸ ባሕርያትን ስሜት ለመጻፍ የቱ ይሻላል

አንድ ዓሣ አስጋሪ አስቡ። ጣና ላይ ሲቀዝፍ ያደገ ጥቁር ጎረምሳ ነው። ባሕር ዳር ላይ የቀረሶ ዓሣውን ከታንኳ ሲያራግፍ የሚወዳት ልጅ ከኋላው በስሙ ጠራችው። ደራሲው ቀጥሎ «ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ» ብሎ ጻፈ።

አንባቢ እዚህ ላይ ይደናቀፋል። ከጥቂት መስመር በፊት ጥቁር የተባለው ልጅ ድንገት ቲማቲም ሆነ። ማፈሩ ገብቶናል። ሲያፍር ግን አላየነውም።

እንዲህ ያሉ አገላለጾች ብዙዎቹ ከትርጉም ልብ ወለድና ከፊልም የለመድናቸው ናቸው። ጉንጯ ጽጌረዳ መሰለ፣ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጣ፣ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ለተጻፉለት ሰው ልክ ናቸው። ለደሳለኝ ግን አይሆኑም። (ዓሣ አስጋሪውን ደሳለኝ እንበለው። ልጅቷን ደግሞ ትርንጎ። ሐይቁ ዳር ጀበና ቡና ትሸጣለች።)

ታዲያ ምን እንጻፍ? መንገዱ ብዙ ነው። በቀለም መጻፍ ይቻላል። ቆዳ ላይ በሚታይ ሌላ ምልክት ይቻላል። ከውስጥ በሚሰማ ሙቀትና ምት፣ በእጅና በልብስም ይቻላል። «አፈረ» ብሎ መገላገልም አለ። እኔ እነዚህን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው። የሚያየው ማን ነው? ከየት ሆኖ፣ በምን ብርሃን? ይህ ከተመለሰ ምርጫው ግማሽ በግማሽ አልቋል።

በቀለም መጻፍ

መጀመሪያ ሰውነት ምን እንደሚያደርግ እንወቅ። ሰው ሲያፍር የፊቱ ቆዳ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ደም ይሞላቸዋል። ፊት፣ ጆሮና አንገት ይሞቃል። ይህ የማይደርስበት የቆዳ ቀለም የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከላይ ነው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ያለው ላይኛው ሽፋን ላይ ነው፤ የደም ሥሮቹ ደግሞ ከእሱ በታች ናቸው። ሜላኒኑ ሲበዛ ከሥር የሚመጣው ቅላት ይሸፈናል። ሙቀቱ ግን አይሸፈንም። ስለዚህ «ጥቁር ሰው ሲያፍር ፊቱ አይለወጥም» የሚሉት ልክ አይደሉም። ይለወጣል፤ ለተመልካች አይታይም እንጂ።

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ስሜት አገላለጽ ሲጽፍ ይህን ነገር አንስቶታል። አንድ ሐኪም የተመለከታት ጥቁር ሴት ፊቷ ላይ ጠባሳ ነበራት። ድንገት ሲናገሯት ወይም በጥቃቅን ጥፋት ሲወቅሷት ጠባሳው ይቀላ ነበር። ይህን የሰማ ጸሐፊ ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። ደሳለኝ ልጅ ሳለ መንጠቆ ጉንጩን ቧጥጦት ከነበረ፣ ያቺ ጠባሳ የምትለዋወጥ ነገር ትሆናለች። ምስጢሯን የምታውቀው ደግሞ እናቱ ብቻ ብትሆን ይበልጥ ጥሩ ነው።

እኛ ዘንድ የቆዳ ቀለም አንድ ወጥ አይደለም። ከአንድ እናት ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር ይወለዳል። ቀይ የምንላት ልጅ ስታፍር ጉንጯ ሲቀላ በዓይን ይታያል። «ፊቷ ቀላ» ለእሷ ልክ ነው፤ አትሰርዙት። ጠይሟ ላይ ቀለሙ ይደምቃል እንጂ ቀይ አይሆንም። እሱንም የሚያየው አጠገቧ ያለ፣ ፊቷን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ጥቁሩ ደሳለኝ ላይ ግን ለሐፍረት የቀለም መንገድ ዝግ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ለፍርሃት ነገሩ ይለያል። ሰው ክው ሲል ደም ከቆዳው ይሸሻል። ጥቁር ፊት ያኔ አይነጣም። ሙቀት ያለው መልኩ ጠፍቶ ይደበዝዛል፤ ወደ አመድ ይጠጋል። «ፊቱ አመድ መሰለ» የሚለው የቆየ አነጋገራችን ለዚህ ልክክ ይላል። የጤና ባለሙያዎች ደም ማነስ የሚጠረጥሩበትን ሕፃን ሲያዩ መዳፉን ዘርግተው ይመለከታሉ፤ የዓይን ሽፋኑንም ገልብጠው ያያሉ። እዚያ ላይ ሜላኒን ብዙ ስለማይከልል የደሙ መጠን ይታያል። ከንፈርም ሲገረጣ ይታወቃል። ለጸሐፊ ይህ ትልቅ እውቀት ነው፤ ግን ወደ ጥያቄያችን ይመልሰናል። የሰው መዳፍ ዘርግቶ የሚያየው ማነው? ሐኪም፣ እናት፣ ፍቅረኛ። ከዚያ ማዶ የቆመ ጠላት አያየውም።

«ፊቱ ጠቆረ» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ። በአማርኛ ይህ የቀለም ነገር መሆኑ ቀርቶ ማኩረፍ ማለት ሆኗል። ቀይም ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ስለዚህ በመሠረቱ ችግር የለበትም። ችግር የሚሆነው «ጥቁር ነው» ብላችሁ ያስተዋወቃችሁት ሰው ላይ ስትጠቀሙበት ነው። አንባቢው ቀለሙን ያስታውሳል፣ አነጋገሩም በጥሬው ይታየዋል። ሌላም ነገር አለ። በአንድ ታሪክ ውስጥ ክፉ ስሜት ሁሉ «ጠቆረ»፣ ደግ ስሜት ሁሉ «በራ» ከሆነ፣ ጥቁሩ ልጅ ገና ሳይቆጣ የተቆጣ ይመስላል። ደግነቱ አማርኛ ምትክ አያጣም። ፊቱ ዳመነ፣ ፊቱን ቋጠረ፣ ፊቱን ጣለ፣ ፊቱ ቅጭም አለ። እኔ ከእነዚህ «ቅጭም አለ» ን እመርጣለሁ፤ ቀለም የለበትም፣ ጡንቻው ሲሰበሰብ ይታየኛል።

በነገራችን ላይ ቆዳን በቡና፣ በቸኮሌትና በማር መመሰል ይብቃን። ከሐይቁ ማዶ ዘጌ የቡና ጫካ ስላለ ፈተናው ለባሕር ዳር ጸሐፊ ይበረታል። ግን ሰው የሚጠጣ ወይም የሚላስ ነገር አይደለም። ጠይም ጠይም ነው፤ ሁላችንም ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

ቆዳው ላይ የሚታይ ሌላ ነገር

ቀለም ቢዘጋም ፊት አይዘጋም። እንዲያውም ጥቁር ቆዳ ላይ ጎልተው የሚታዩ ነገሮች አሉ። ላብ አንዱ ነው። ግንባር ላይ ያቸፈቸፈ ላብ ጥቁር ፊት ላይ ብርሃን ይዞ ያብለጨልጫል። ወዝ የምንለውም እንደዚያው ነው፤ ደስ ያለው ሰው ፊቱ ሲወዛ ከሩቅ ይታወቃል። ዕንባ ሲደርቅ ጉንጭ ላይ የሚተወው ነጣ ያለ መስመር ከቀይ ፊት ይልቅ ጥቁር ፊት ላይ ይለያል። «አልቅሶ ነበር» ከማለት ያቺን መስመር መጻፍ ምንኛ ይሻላል። ሰውዬው ፊቱን መታጠብ መርሳቱንም አብራ ትነግረናለች።

ዓይን ለሁሉም እኩል ነው። የዓይን ነጩ ክፍል ሲቀላ በማንም ላይ ይታያል። «ዓይኑ ደም ለበሰ» ለቁጣም ለለቅሶም ለእንቅልፍ እጦትም ይሆናል። ጭስ ግን አትርሱ። ሙሉ ቀን ዓሣ ስትጠብስ የዋለች ሴት ዓይኗ የቀላው በእንጨቱ ጭስ ሊሆን ይችላል። ይህን ጥርጣሬ ለታሪኩ መጠቀም ይቻላል። ባሏ «ምነው አለቀስሽ?» ሲላት «ጭሱ ነው» ብትለው ማን ይፈርዳል?

ከዚያ ጡንቻና ደም ሥር አለ። ግንባር ላይ የተገተረ ሥር፣ የተነፋ አፍንጫ፣ ከመንጋጋ ሥር የምትላወስ ጡንቻ፣ የተነከሰ ከንፈር። ሰው ሲበርደው እንደሚሆነው ክንድ ላይ ውርር የሚል ቆዳም ጥቁር ሰው ላይ በደንብ ይታያል።

ደግሞ ንቅሳት። በጎጃም በዕድሜ የገፉ እናቶች ድዳቸውን፣ አንገታቸውን ወይም ግንባራቸውን ተነቅሰው ታያላችሁ። እማማ ከልባቸው ሲስቁ የጠቆረው ድዳቸው ከነጭ ጥርሳቸው ጋር ብቅ ይላል። ለጨዋነት ብለው ሲስቁ ግን ከንፈራቸው አይከፈትም። ሁለቱን ሳቅ ለመለየት ሌላ ቃል አያስፈልጋችሁም። ግንባራቸው ላይ ያለው መስቀል ሲጨማደድ ደግሞ ነገሩ እንዳልጣማቸው እናውቃለን። ይህን ማንም የውጭ ደራሲ አያበድራችሁም።

ይህ መንገድ ጉድለትም አለበት። ቶሎ ይደጋገማል። በየገጹ ከንፈር ከተነከሰና ግንባር ካላበ ሰዎቻችሁ ሁሉ የወባ ሕመምተኛ ይመስላሉ።

ከውስጥ መጻፍ

ታሪኩን የሚነግረን ደሳለኝ ራሱ ከሆነ ይህ መንገድ ሁሉንም ይበልጣል። ሰው የራሱን ፊት አያይም። «ፊቴ ቀላ» ብሎ የሚተርክ ሰው መስታወት ይዞ ካልሆነ በቀር ከየት አወቀው? ጆሮው ሲግል ግን ይሰማዋል።

አማርኛ እዚህ ላይ የሚያሳፍር አይደለም። ሆድ ይባባል፣ ባር ባር ይላል፣ ይሸበራል። አንጀት ይላወሳል፣ ይርሳል። ልብ ስንጥቅ ይላል፣ ይደልቃል፣ ይሸፍታል። ጉልበት ይከዳል፣ ይብረከረካል። ጉሮሮ በሲቃ ይታነቃል። አንዱም የቆዳ ቀለም አይጠይቅም። በዚያ ላይ ክው አለ፣ ሽምቅቅ አለ፣ ኩምሽሽ አለ፣ ቅዝዝ አለ የምንላቸው አሉ። አንዷ ቃል ጡንቻውንም ስሜቱንም ይዛ ትመጣለች።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እነዚህ አነጋገሮች ብዙ ስለተነገሩ አንዳንዶቹ ፈዘዋል። «ልቧ ስንጥቅ አለ» ብቻውን ሲቆም አንባቢ ዘሎት ያልፋል። አጠገቡ አንድ የቦታው ነገር ጨምሩለት። «ልቧ ስንጥቅ አለ። ረከቦቱ ላይ ስትደረድረው የነበረው ሲኒ ከእጇ አልወጣም» ብትሉ ነገሩ ይነሣል። ሁለተኛ፣ ተራኪው ትርንጎ ሆና ሳለ የደሳለኝን ሆድ ባር ባር አታሰኙት። ሆዱ ውስጥ አልገባችም። ይህ ስህተት ከቲማቲሙ የበለጠ የተለመደ ነው፤ ማንም ስለማይስቅበት ብቻ ያልፋል።

እጅ፣ ልብስ፣ አረማመድ

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ሐይቁ ዳር ላሉ ሰዎች ታሪክ ስጽፍ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እጃቸው ነው።

የዘጌውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ያየ ሰው ይህን ይረዳል። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ልማድ ደጋጎቹ ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹ በአንድ ጎን ብቻ፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ፊቶቹ ግን ብዙም አይለዋወጡም። ሰማዕቱ ሰይፍ አንገቱ ላይ ሆኖም ፊቱ የረጋ ነው። ሐዘኑንና ምልጃውን የሚናገረው እጅ ነው። ከስቅለቱ ሥር የቆሙት እጃቸውን ወደ ጉንጫቸው ሲያስጠጉ ማልቀሳቸውን እናውቃለን። ሠዓሊዎቹ ፊት ሳያቀሉና ሳያነጡ ስሜት አስተላልፈዋል።

ያ እጅ ከሥዕሉ ወጥቶ ቤታችን ውስጥም አለ። ልጅ ሆነን እጃችንን ጉንጫችን ላይ ጥለን ስንቀመጥ «አንሣ! ምን ሟርት ነው?» ያላለን ማን ነው? አንባቢ ይህን ይዞ ስለሚመጣ «እጇን ጉንጯ ላይ ጥላ ተቀምጣለች» ማለት ብቻ ይበቃል። ማዘኗን መጨመር አያስፈልግም።

ነጠላም እንደዚሁ ይናገራል። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ የምትጠቀልል ልጅ፣ አፏን በነጠላዋ የሸፈነች ልጅ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት። የመጀመሪያዋ ተሽኮርምማለች፣ ሁለተኛዋ ሳቋን ወይም ድንጋጤዋን ደብቃለች፣ ሦስተኛዋ ለቅሶ ላይ ናት። ቀይ ትሁኑ ጥቁር ለነጠላው ለውጥ የለውም። ወንዱ ጋ ደግሞ ጋቢ አለ፣ ዱላ አለ። ዱላውን መሬት ላይ የሚጭርበት ሰውና ትከሻው ላይ አጋድሞ የሚሄድ ሰው አንድ ስሜት ላይ አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዓይንን መስበር እኛ አገር ሁልጊዜ ሐፍረት አይደለም። ትርንጎ ቄሱ ፊት አንገቷን ብትደፋ ጨዋ ናት ማለት ነው። አባቷ ሲናገሯት ቀና ብላ ብታያቸው ነው ነገሩ የሚከብደው። ስለዚህ ታላቅ ፊት የሚቆም ሰው አፍሯል ለማለት አንገት መድፋት አይበቃም። ተጨማሪ ነገር ፈልጉ። በእግሩ ጣት መሬት ይጫር፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ይመልስ፣ «አቤት አባቴ» ብሎ ዝም ይበል።

ታንኳም ላይ አስቡት። ቀዛፊው ከፊት፣ ተሳፋሪው ከኋላ ከሆነ ፊት የሚባል ነገር አይታይም። ጀርባ ነው ያለው። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ሲናደድ ትከሻው ወደ ጆሮው ይጠጋል። ቀዘፋው ይፈጥናል፤ ውሃው ወደ ኋላ ይረጫል። የተሳፋሪው ልብስ ራሰ እንጂ ቀዛፊው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚህ የተሻለ ቁጣ ከፊት ቀለም አታገኙም።

ስሙን መጥራት

«አፈረ።» «ፈራች።» አንዳንድ የጽሑፍ አስተማሪዎች ይህን ጨርሶ ይከለክላሉ። እኔ አልከለክልም። ታሪኩ በሚሮጥበት ቦታ፣ ወይም ስሜቱ ለታሪኩ ትልቅ ካልሆነ፣ አንድ ግስ ጽፎ ማለፍ ያዋጣል። ቅናትን የመሰለ በሰውነት ላይ የራሱ ምልክት የሌለው ስሜት ደግሞ ብዙ ጊዜ በስሙ ወይም በድርጊት እንጂ በፊት አይጻፍም።

ርቀትና ብርሃን

ሁለቱ ነገሮች ምርጫውን የሚወስኑ ስለሆኑ በምሳሌ ልያቸው።

ጣና ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም። ወንድምና እህት በጀልባ ሄዱ እንበል። አባታቸው መንኩሰው እዚያ ይኖራሉ፤ መታመማቸው ተሰምቷል። ወንድሙ ወደ ላይ ወጣ። እህቱ ከታች ጀልባው ላይ ቀረች። ከረጅም ጊዜ በኋላ ወንድሟ በዛፎቹ መሀል ሲወርድ አየችው። ከዚያ ርቀት ፊቱ ቀላ፣ አመድ መሰለ፣ ከንፈሩ ነጣ የሚባል ነገር አይሠራም። ፊቱ ጣት አክላ የምትታይ ጥቁር ነጥብ ናት። የሚታያት አካሄዱ ነው። እጁ ላይ የያዘው ነገር ነው። የአባታቸውን መቋሚያ ይዞ ከወረደ ሌላ ምንም መጻፍ አያስፈልግም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ስለ ወንድሙ ፊት አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምር ያበላሸዋል።

ብርሃኑስ? ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ባሕር ዳር እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ያኔ ቅንድብ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል። ዓይን ከምትገልጹ ላቡን፣ አፉን፣ ትከሻውን ግለጹ። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ከውሃው ላይ የሚመለሰው ብርሃን ከታች ወደ ፊት ይወጣል። ጠይም ፊት በዚያን ሰዓት ወርቃማ ይሆናል፤ የአገጭና የከንፈር እንቅስቃሴ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማታ ቡና ሲፈላ ደግሞ የከሰሉ ፍም እጅን ያበራል እንጂ ግንባር አይደርስም። ቤተ መቅደስ ውስጥ በጧፍ ብርሃን የሚያለቅስ ሰው በድምፁና በትንፋሹ ይታወቃል።

በጨለማ ጥቁር ሰውን «ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ታየ» ብሎ መጻፍ ግን አይመቸኝም። የፎቶ ታሪክ ይህን ያስተምራል። ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልክ የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። መለኪያው እሷ ስለሆነች ጥቁር ሰው ከነጭ ጎን ሲነሣ ፊቱ ዝርዝሩ ጠፍቶ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ጉድለቱ የፊልሙ እንጂ የፊቱ አልነበረም። ዓይናችን ከፊልም ይሻላል። በጨረቃ ብርሃን የወንድማችንን ፊት ለይተን እናውቃለን፤ ማዘኑንም እንለያለን።

አንዱን ትዕይንት በሦስት ዓይን

ወደ ደሳለኝና ትርንጎ እንመለስ። ቲማቲሙን ጥለን ሦስት አማራጭ እንሞክር። ከራሱ ከደሳለኝ ውስጥ፦

«ደሳለኝ!» አለችው። ጆሮ ግንዱ ጋለ። ሐይቁ ውስጥ የቆመው እግሩ ብቻ ነው ቀዝቃዛ የቀረው። ዞር ማለት እንዳለበት ያውቃል። አንገቱ እምቢ አለው።

አጠገቡ ከቆመችው ከትርንጎ፦

ጠራችው። አልዞረም። አንዴ የቆጠረውን ቀረሶ እንደ አዲስ ይቆጥር ጀመር። ሦስት፣ አራት፣ ሦስት። «ደህና ዋልክ ወይ?» አለችው። «አምስት» አላት።

ትንሽ ራቅ ብለው ዓሣ ለመግዛት ከተቀመጡት እናት፦

«ያ ልጅ ዛሬ ምን ነካው? ዓሣውን መሬት ላይ ትቶ ባዶ ቅርጫት ተሸክሞ ሄደ እኮ! አንተ ልጅ! ኧረ በጊዮርጊስ፣ ንብረትህን!»

የቱ ይሻላል? ታሪኩ የደሳለኝ ከሆነና አንባቢ አብሮት እንዲጨነቅ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው። ግን ሙቀትና ቅዝቃዜ ተነጻጽሮ ስለሚያምር ጸሐፊውን ያታልላል፤ ሁለት ጊዜ አይደገምም። ሦስተኛው ለሳቅ ነው፤ መንደሩን ሁሉ ወደ ታሪኩ ያስገባል። የፍቅሩን ክብደት ግን ያቀልለዋል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። «አምስት» የምትለዋ ቃል ማፈሩንም መውደዱንም ይዛዋለች። ትርንጎም እንዳወቀች እናውቃለን። ስለ ፊቱ የተነገረ ነገር የለም፤ ደሳለኝ ግን ጥቁርነቱ ሳይጠፋ እፊታችን ቆሟል።

ለሌሎቹ ስሜቶች

ለቁጣ፦ ከቅርብ ደም ሥርና አፍንጫ፣ ከሩቅ ትከሻና ድምፅ። «ፊቱ በርበሬ መሰለ» ለቀይ ሰው ብቻ። ድምፅን አትናቁት፤ ብዙ የጎጃም ሽማግሌ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ አይጮኽም። ዝቅ ያለ ድምፅ ከጩኸት በላይ ያስፈራል።

ለፍርሃት፦ አመድ የመሰለ ፊት ለቅርብ ተመልካች፣ የደረቀ አፍና የቀዘቀዘ እጅ ለራሱ ለተራኪው። እጁን የጨበጠ ሰው ቅዝቃዜውን ሊያገኘው ይችላል። ሰላምታ ላይ ይህን መጠቀም ያዋጣል።

ለሐዘን፦ እጅ፣ ነጠላ፣ የደረቀ ዕንባ። ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ሦስቱንም ከደረደራችሁ ለቅሶው የአስለቃሽ ይሆናል።

ደስታ ቀላል ነው። «ፊቱ ፈካ»፣ «ፊቷ በራ» የሚሉት የብርሃን እንጂ የቆዳ ቀለም ነገር ስላልሆኑ ለማንም ይሠራሉ። ጥርስ በጥርስ የሆነ ፊት ጥቁርም ሆነ ቀይ ያምራል።

እርማት ላይ

ጽሑፋችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ በስልክ ወይም በኮምፒውተር «ቀላ»፣ «ነጣ»፣ «ገረጣ»፣ «ጠቆረ» የሚሉትን ፈልጉ። እያንዳንዱ ጋ ስትደርሱ የዚያ ሰው መልክ ምን ነበር፣ የሚያየውስ ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ተራኪው የጻፈው ከሆነ አብዛኛው ይቀየራል። በሰው አፍ የተነገረ ከሆነ ግን አትንኩት። የደሳለኝ አያት በር ላይ ቆመው «ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረሳ? ማን ነካብኝ?» ቢሉት፣ ያ የእሳቸው አማርኛ ነው። እንዳለ ይቀመጥ።